መኪናውን ቆዳው ይምረጠው



ዛሬ የምናነበው ስለ ስፌት መኪና ነው። ስለ ልብስ ስፌት መኪና ግን አይደለም። የቆዳ የእጅ ቦርሳ ስለሚሰፋ መኪና ነው።

ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ ማታ ማታ የምንማርበት ክፍል አለ። ከተማሪዎቹ ስምንቱ በጋራ ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ስድስቱ ሴቶች፣ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። እንቁላል የሸጠ፣ በግ የሸጠ፣ ገብስ የሸጠ ከትርፉ ቀንሶ በየወሩ ያስቀምጣል። እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ቆዩ። ሐሳባቸው የቆዳ ቦርሳ እየሰፉ መሸጥ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

አንድ ማታ ሰብሳቢዋ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ገንዘቡ ሞላ። እንግዲህ የትኛውን መኪና እንግዛ?» አሉኝ።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ስፌት መኪና ግን የማውቀው አልነበረም። «እማማ፣ እኔም አላውቅም። ጠይቀን እንወቅ» አልኳቸው። ልብስ ሰፊዎችን ጠየቅን። ጫማ ሰፊዎችን ጠየቅን። መጽሐፍም አነበብኩ። ያገኘነውን እነሆ ጽፌዋለሁ።

ገንዘቡ የሁለት ዓመት ላብ ነው። መኪናው የማይሆን ሆኖ ቢገኝ ያ ላብ ፈሶ ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እንዳይሆን ነገሩን ቀስ ብለን እንየው።

ቆዳ ከጨርቅ በምን ይለያል?

የበሬና የላም ቆዳ ይባላል። የበግና የፍየል ደግሞ ሌጦ ይባላል። አገራችን በሁለቱም የታወቀች ናት። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ በውጭ አገር ለእጅ ጓንት ይፈለጋል። በወሎ የባቲ ፍየል ሌጦም ስም ያለው ነው። በጎጃምም የቆዳ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። ስልቻው፣ ኮርቻው፣ ጅራፉ፣ የዳዊቱ ማኅደር ሁሉ የቆዳ ሥራ ነው። አባቶቻችን በወስፌ እየበሱ፣ በጠፍርና በጅማት እየሰፉ ሠርተውታል።

አሁን ወስፌውን መኪና ሲተካው ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ የቆዳ ቀዳዳ አይደፈንም። ጨርቅ ሲሰፋ መርፌው በክሮቹ መካከል ያልፋል። ስፌቱ ቢበላሽ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። ቆዳ ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። ቢተረትሩት ቀዳዳው እየታየ ይቀራል። ስለዚህ መኪናው ከመጀመሪያው ቀጥ አድርጎ መስፋት አለበት።

ሁለተኛ፣ ቆዳ ሲደራረብ ይወፍራል። እስቲ እናስላ። ለቦርሳ የሚሆን አንድ ቆዳ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ጠርዙ ሲታጠፍ ሁለት ድርብ ይሆናል። ሁለት የታጠፉ ጠርዞች ሲገጠሙ አራት ድርብ ይሆናሉ። 1.2 ሲባዛ በ4፣ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። ማንገቻው የሚያያዝበት ቦታ ስድስት ድርብ ቢደርስስ? 1.2 ሲባዛ በ6፣ 7.2 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህን ያህል ውፍረት ከእግሩ ሥር የማያስገባ መኪና ቦርሳ አይጨርስም።

ሦስተኛ፣ ቆዳ ከብረት ጋር ይጣበቃል። እንደ ጨርቅ ሸተት አይልም። የመኪናው እግር ሲጫነው ይይዘዋል። መኪና ስንመርጥ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው።

እንደ ጥማድ በሬ

የስፌት መኪና ከመርፌው ሥር ትንንሽ ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ ብቅ እያሉ ጨርቁን ወደ ኋላ ይስቡታል። ከላይ ደግሞ እግር የሚባለው ብረት ይጫነዋል። በልብስ ስፌት መኪና የሚስበው የታችኛው ጥርስ ብቻ ነው። እግሩ ቆሞ ይጫናል እንጂ አይራመድም።

ሁለት ቆዳ ደርበን ከዚያ መኪና ሥር ብናስገባ ምን ይሆናል? የታችኛውን ቆዳ ጥርሱ ይስበዋል። የላይኛውን እግሩ ይይዘዋል። የታችኛው ቀድሞ ይሄዳል፤ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ በሬ እየሳበ ሌላው ከቆመ ትልሙ ይጣመም የለም? ስፌቱም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ጥርሱ የቆዳውን ሥር ይቧጭረዋል።

ለቦርሳ የሚሆነው መኪና ሦስቱም አብረው የሚሄዱበት ነው። ጥርሱ ከታች ይስባል። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ አብሮ ይሄዳል። እግሩም እየተነሣ እየተቀመጠ ይራመዳል። ስለዚህ ባለ ተራማጅ እግር መኪና እንለዋለን። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሄዱ የላይኛውና የታችኛው ቆዳ እኩል ይጓዛሉ።

ገበያ ላይ የሚገኙት መኪናዎች

የቤት መኪና። ለጨርቅ የተሠራ ነው። ቆዳ ሲደረብበት ይጨነቃል፤ መርፌም ይሰብራል። ለቦርሳ ሥራ አይሆንም።

የልብስ ፋብሪካ መኪና። በጣም ፈጣን ነው። በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ የሚወጋ አለ። ለሸሚዝ ጥሩ ነው። ለቦርሳ ገበርም ይሆናል። ለተደራረበ ቆዳ ግን አይሆንም፤ የሚስበው በታችኛው ጥርስ ብቻ ነውና።

የጫማ ሰፊ መኪና። በእጅ መዘውር ወይም በእግር መርገጫ የሚሠራ ነው። እግሩ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይዞራል። መብራት አይፈልግም። ለጥገናና ጠባብ ቦታ ለመስፋት ጥሩ ነው። ነገር ግን ረጅም ስፌት እኩል አድርጎ ለመስፋት ያስቸግራል፤ እግሩም በቆዳው ፊት ላይ ምልክት ይተዋል። የታችኛው ክር የሚጠቀለልባት መዘውር ትንሽ ስለሆነች ክሩ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ግን ለመጀመሪያ ያገለግላል።

ባለ ተራማጅ እግር መኪና። ለቦርሳ የሚመረጠው ይህ ነው። ከልብስ ፋብሪካ መኪና ይዘገያል። ለጀማሪ መዘግየቱ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ይጠቅማል።

ይህም በገበታው ሦስት ዓይነት ነው። ጠፍጣፋ ገበታ ያለው እንደ ጠረጴዛ ነው። ኪሱን፣ ማንገቻውን፣ ገበሩን ዘርግተን እንሰፋበታለን። ሁለተኛው ገበታው እንደ ክንድ የወጣ ነው። የተገጠመውን ቦርሳ እንደ እጅጌ አጥልቀን ጎኑን እንሰፋበታለን። ሦስተኛው እንደ ዓምድ የቆመ ነው። ይህ ይበልጥ የጫማ ነው።

አንድ ብቻ መግዛት የምንችል ከሆነስ? ቦርሳው ተዘርግቶ ተሰፍቶ በመጨረሻ የሚገለበጥ ዓይነት ከሆነ ጠፍጣፋው ይበቃል። ጎኑ ሰፊ ሆኖ እንደ ሣጥን የሚቆም ቦርሳ ከሆነ ባለ ክንዱ ይሻላል። ለባለ ክንዱ የሚገጠም ተነቃይ ጠረጴዛም አለ። በመጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ቦርሳ እንደምንሰፋ እንወስን። መኪናው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለ ስምም አንድ ነገር እንበል። እኛ አገር ብዙ ሰው የስፌት መኪናን ሁሉ «ሲንጀር» ይለዋል። ሲንጀር የሰው ስም ነው። አይዛክ ሲንገር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1851 ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት አግኝቷል። ዛሬ የጃፓን ጁኪ አለ። የጀርመን ፋፍ አለ። የቻይናም ብዙ ዓይነት አለ። ስም ብቻ አይቶ መግዛት ግን ያሳስታል። አንዱ ፋብሪካ ለሸሚዝም ለቆዳም መኪና ይሠራል። የሸሚዙ መኪና ስሙ ቢገንንም ቆዳ አይሰፋም።

ማን ይሂድ?

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ መርካቶ የሚሄዱ ሰዎች ይመረጡ ተባለ። መንገዱ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰብሳቢዋና ገንዘብ ያዧ ተመረጡ። እኔም አብሬያቸው እንድሄድ ተጠየቅሁ።

ከአባላቱ አንድ አዛውንት አሉ። አባታቸው ቆዳ ይፍቁ ነበር። ልጅ ሳሉ «የፋቂ ልጅ» እየተባሉ አድገዋል። ሌላው ሰው ግብዣ ሲቀመጥ እሳቸው ከበር ይቀመጡ እንደነበር ነግረውኛል። ያን ማታም ስማቸውን የጠራ የለም።

«እኔንስ ብትወስዱኝ ምናለ?» አሉ ከኋላ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰብሳቢዋ ቀና አሉ።

«እውነትዎን ነው አያ። ከርስዎ በላይ ቆዳ የሚያውቅ ማን አለና ነው እኛ የምንሄደው? ይሂዱልን» አሉ።

አንባብያን ሆይ፣ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ድሮም ያልተገባ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አለፈ። ስድቡ ግን በየመንደሩ እስካሁን አልጠፋም። ስልቻውን እንወዳለን፤ ሠሪውን እንንቃለን። ይህ ምን የሚሉት ነገር ነው? ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ይባላል።

መርካቶ ላይ የሆነው

አንድ ሱቅ ገባን። አዲስ መኪና አሳዩን። ነጭ ነው፤ ያብረቀርቃል። ሻጩ ጨርቅ አስገብቶ ፈር አለበት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው።

«ይህ ሁሉን ይሰፋል። ቆዳም ይሰፋል» አለን።

ገንዘብ ያዧ ቦርሳቸውን ሊፈቱ ነበር። አዛውንቱ እጃቸውን ያዟቸው። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጥቅል አወጡ። ከቤት ያመጡት ቆዳ ነው። አራት ድርብ አድርገው አጠፉት።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን ስፋልኝ» አሉ።

ሻጩ አስገባው። የታችኛው ቆዳ ቀድሞ ሄደ። የላይኛው ተጨማደደ። ጥቂት እንደሄደ መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሰብሳቢዋ ገንዘብ ያዧን አዩአቸው። ገንዘብ ያዧ ቦርሳቸውን መልሰው ቋጠሩ።

ወደ ሌላ ሱቅ ሄድን። እዚያ አሮጌ የፋብሪካ መኪና አገኘን። ቀለሙ ተልጧል። እግሩ ግን ተራማጅ ነው። አዛውንቱ ያንኑ ቆዳ ሰጡ። መኪናው ጠቅ ጠቅ እያለ አራቱን ድርብ ሰፋ። ስድስት አደረጉት፤ እሱንም ሰፋ። ላይና ታቹን ገልብጠው በጣታቸው ዳሰሱት። «ይኸ ነው» አሉ።

ገና አላለቀም። ሰብሳቢዋ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሞተር አዩ። በላዩ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተለጥፋለች። ሰብሳቢዋ ቁጥር ማንበብ የተማሩት አምና ነው። ጣታቸውን አስቀድመው አነበቡ።

«ሦስት... ስምንት... ዜሮ። ሦስት መቶ ሰማንያ! መምህር፣ ያንተ መብራት ሁለት መቶ ሃያ ነው ብለህ አልነበር?»

እውነታቸውን ነበር። እኔ ሰሌዳዋን አላየኋትም። እሳቸው ባያነቧት ኖሮ የማይነሣ ሞተር ጭነን ዓባይን እንሻገር ነበር።

የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ

በየቤታችን ያለው መብራት 220 ቮልት ነው። ሲንግል ፌዝ ይባላል። በትልልቅ ፋብሪካ ያለው ግን 380 ቮልት፣ ስሪ ፌዝ ነው። ከፋብሪካ የወጣ አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የስሪ ፌዝ ሞተር አለው። ከውጭ የመጣ ሞተር 110 የሚልም ይኖራል። እሱን በቀጥታ ከ220 ጋር ብናገናኘው ይቃጠላል። በሰሌዳው ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ወደ ታች የሾለ ባለ ሁለት መስመር የፈረንጅ ፊደል ታያላችሁ። ቮልት ማለት ነው። ከጎኑ 220 መኖሩን እዩ።

ደግነቱ የእነዚህ መኪናዎች ሞተር ለብቻው ነው። በቺንጋ ከመኪናው ጋር ይያያዛል። ስለዚህ መኪናው ጥሩ ከሆነ ሞተሩን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ሞተርም ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ክላች ሞተር ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ ሳይሰፋም ይዞራል፤ መብራት ይበላል። እግራችንን ስናሳርፍበት መኪናው ዘሎ ይሮጣል። አዲሱ ሰርቮ ሞተር የሚዞረው መርገጫውን ስንረግጥ ብቻ ነው። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርገን መወሰን እንችላለን። ለጀማሪ ሰርቮው ይሻላል፤ በቆዳ ላይ አንድ የተሳሳተ ቀዳዳ ቦርሳውን ያበላሻልና።

የእኛ ሰዎች ገንዘብ ለመኪናውና ለአዲስ ሞተር አልበቃም። ቀብድ ሰጥተው፣ ደረሰኝ ይዘው ተመለሱ። አንድ ወር ተጨማሪ አጠራቀሙ። ከዚያ መኪናው 220 ከሚል ሰርቮ ሞተር ጋር መጣ።

መርፌ፣ ክርና ርምጃ

መኪናው ጥሩ ሆኖ መርፌው ካልተስማማ ሥራው ይበላሻል። የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ትንሽ ቢላዋ ነው፤ ቆዳውን ቆርጦ ይገባል። የጨርቅ መርፌ አይሆንም። በመርፌው ላይ ቁጥር አለ። 100 ቢል ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው። 140 ቢል 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭን ክር በ100 ወይም በ110 ይሰፋል። ወፍራም ክር በ140 ይሰፋል። ሁሉም መርፌ ለሁሉም መኪና አይገጥምም፤ መኪናው የሚቀበለውን ዓይነት ጠይቃችሁ ጻፉ።

ክሩ ጠንካራ የናይለን ክር ይሁን። የጥጥ ክር በእርጥበት ይበሰብሳል።

ርምጃ ማለት ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ለቦርሳ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ስፌት ላይ ርምጃው 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 25 ርምጃ ይኖራል። 2 ሚሊ ሜትር ብናደርገው 50 ይሆናል። ቀዳዳ ሲበዛ ቆዳው ይጠነክራል? የለም! እንደ ተበሳሳ ወረቀት በስፌቱ ላይ ይቀደዳል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

1. የምትሰፉትን ቆዳና ክር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በሻጩ ጨርቅ አትታለሉ።

2. ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ድርብ እያደረጋችሁ አሰፉ። በቀስታ ሲሄድም አይታችሁ እመኑ።

3. ላይኛውንና ታችኛውን ፊት እዩ። ርምጃውን በማስመሪያ ለኩ። በስሱም በወፍራሙም ቦታ እኩል ይሁን።

4. መዘውሩን በእጃችሁ አዙሩ። የሚይዝ፣ የሚንቋቋ ወይም የሚወላገድ ነገር ካለ ጠይቁ።

5. የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ።

6. መርፌና መለዋወጫ የት እንደሚገኝ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን ጠይቁ።

7. ደረሰኝ ላይ የመኪናው ስምና ቁጥር፣ የሞተሩ ቮልት፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የሻጩ ፊርማ ይጻፍ። ሳታነቡ አትፈርሙ።

መኪናው ቤት ከገባ በኋላ የስፌት መኪና ዘይት እንጂ የምግብ ዘይት አታጠጡት። የምግብ ዘይት ይረጋና መኪናውን ያስረዋል። ዘይት ካጠጣችሁ በኋላ መጀመሪያ በቁራጭ ቆዳ ላይ ስፉ፤ አለዚያ ዘይቱ ቦርሳውን ያቆሽሸዋል።

ሥልጠና የሚፈልግ በአካባቢው ያለውን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይጠይቅ። በአዲስ አበባም በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ቀድሞ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው ተቋም የጫማና የቦርሳ ሥራ ሲያሠለጥን የቆየ ነው።

ዛሬ መኪናው ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቦርሳዎች ጠማማ ሆኑ። አራተኛው ቀጥ አለ። ቆዳ የሚመርጡት አዛውንቱ ናቸው። ሌሎቹ ከመቁረጣቸው በፊት «አያ፣ ይህ ይሆናል?» ብለው ይጠይቋቸዋል። እሳቸውም በጣታቸው ዳስሰው ይመልሳሉ። በመዝገቡ ላይ ድሮ አውራ ጣታቸውን ነበር የሚያትሙት። አሁን ስማቸውን ይጽፋሉ። የሚቀመጡትም ከበር አይደለም፤ ከመኪናው አጠገብ ነው።

አዲስ ቃላት

ሌጦ፦ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ
ገበር፦ በቦርሳ ወይም በልብስ ውስጥ በኩል የሚሰፋ ጨርቅ
ቀብድ፦ ዕቃው እንዲቆይልን አስቀድመን የምንሰጠው ገንዘብ
ቺንጋ፦ ሞተሩን ከመኪናው ጋር የሚያያይዝ ጠፍር መሰል ማሰሪያ

ጥያቄዎች

1. የቆዳ ስፌት ሲበላሽ እንደ ጨርቅ ተተርትሮ የማይሰፋው ለምንድን ነው?
2. በልብስ ስፌት መኪና ሁለት ቆዳ ሲሰፋ የላይኛው ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?
3. አንዱ ቆዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን አራት ድርቡ ስንት ይሆናል?
4. በ12 ሳንቲ ሜትር ስፌት ላይ ርምጃው 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስንት ርምጃ ይኖራል?
5. በሰሌዳው ላይ 380 የሚል ሞተር ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?
6. በመንደራችሁ በእጅ ሥራው የሚናቅ ሰው አለ? ከእሱ ምን መማር ትችላላችሁ? ተወያዩበት።